የፋርቱን ፊርማ

መጋቢት 8 ቀን 1978፣ ሰኞ

የሌሊት ፈረቃ ሳምንት ጀመረ። ከአሥራ አንድ ተኩል እስከ ሁለት ተኩል ትምህርት፣ ከአራት ሰዓት እስከ ንጋት ፋብሪካ። በመሃል ያለችው አንድ ሰዓት ተኩል የኔ ናት ይባላል። እሷንም ሰርቪስ ስጠብቅ ጨረስኳት።

መምህሩ ስለ ፋይል አያያዝ ሲያስረዳ እንቅልፍ ወሰደኝ። ግንባሬ ዴስኩን ሲመታ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ... ምን ላድርግ? ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ቀን ቀን ልጆች የሚማሩበት አግዳሚ ላይ ጉልበቴ አልገባ ብሎኝ እቀመጣለሁ። የኮሌጅ ተማሪ!

ከክፍል ወጥቼ ደብተሬን ሳይ እንቅልፍ የወሰደኝ መስመር ላይ ብዕሬ እየተንሸራተተ እስከ ኅዳጉ ሄዷል። ካርቦኑም ታማኝ ነው፣ ለፋርቱን ቅጂ ሳያጓድል አውርዶታል። ነገ ስታየው ትስቅብኛለች።

አንዳንዴ ቁጭ ብዬ ካልጻፍኩት እኔም አላምነውም። ፈረቃ ሦስት ነው፣ በየሳምንቱ ይዞራል። የከሰዓቱ ሳምንት ሲደርስብሽ ትምህርት የለም። ኮሌጁ ደግሞ ከትምህርቱ ቀን ከሲሶ በላይ የቀረ ፈተና አይቀመጥም ይላል። ፈረቃው ብቻውን ሲሶውን ሊበላው ምንም አይቀረው። ስብሰባውስ? የምርት ዘመቻውስ? የደረቴ ሳልስ? ስለዚህ እኔና ፋርቱን ምድባችን የተለያየ መሆኑ በጀን። ክፍል የገባችው ለሁለት ትጽፋለች፣ አቴንዳንሱ ሲዞርም ለሁለት ትፈርማለች። ይኸው ሦስተኛ ዓመታችን።

መጋቢት 17፣ ረቡዕ

ዛሬ ሁለታችንም ክፍል ገባን። እንዲህ ያለ ሳምንት ከሦስት አንዴ ነው። ፋርቱን የምስር ሳምቡሳ በጋዜጣ ጠቅልላ አመጣች። "ጾምሽን አውቃለሁ አቦ፣ ሥጋ የለውም፣ ብዪ!" ዘይቱ የጓድ ሊቀመንበሩን ንግግር አረጠበው። ቶሎ አጣጥፋ ቦርሳዋ ከተተችው።

ወንዶቹ እያነሱ ነው። ሦስቱ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርተው ሁርሶ ማሠልጠኛ ገብተዋል። ስማቸው ግን አቴንዳንሱ ላይ አልተሰረዘም። ማንም አይፈርምላቸውም።

ከፈረቃ ስወጣ ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። ያው ነው። "ከጥጥ ብናኝ ራቂ።" ወዴት ልራቅ? ፈትል ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የተበጠሰ ክር ስቀጥል ኖሬ! "እስከዚያው አፍና አፍንጫሽን በጨርቅ እሰሪ" አለኝ። በድሬ ሙቀት፣ በዚያ ማሽን ጎን? እሱ ይሰረው። ፋርቱን ግን ሻሿን እስከ ዓይኗ ድረስ አስራ ነው የምትሠራው። ስምንት ሰዓት ሙሉ አትፈታውም።

መውጫዬ አንድ ነው። ዲፕሎማው፣ ከዚያ ቢሮ። መስኮት ያለው ቢሮ። እሷም የምትለው ይህንኑ ነው።

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

በሩ ላይ የዘንድሮ ኮከብ ሠራተኞች ስም ተለጥፏል። ከፈትል ክፍል አንድ ሰው... ፋርቱን።

ስምንት ሰዓት ላይ እሷ ስትወጣ እኔ ስገባ ተገናኘን። አቅፌ ሳምኳት። "ይገባሻል" አልኳት። ይገባታልም። ግን ከሷ አራት ዓመት ቀድሜ ነው የገባሁት። አንድም ቀን ስሜ አልተለጠፈም... ለምንድን ነው ይህን የምጽፈው? ሌላ የምነግረው ስለሌለኝ ነው። ቅናት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ሚያዝያ 22፣ ረቡዕ

ሰሙነ ሕማማት። የሌሊት ፈረቃ። ከትናንት ጀምሮ ውኃ እንጂ እህል አልቀመስኩም፣ ዓይኔ ይጨልማል። ፋርቱን ዛሬ ማታ ፋብሪካው አዳራሽ ትሸለማለች። እኔ ክፍል ነበርኩ። ለሁለት ጻፍኩ፣ ለሁለት ፈረምኩ። ደከመኝ።

ሚያዝያ 23፣ ሐሙስ

ሜይ ዴይ። ከሌሊት ፈረቃ ወጥተን ሳንተኛ ለሰልፍ። እስከ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆምን።

ፋርቱን አጠገቤ ተሰለፈች። ሽልማቷን ነገረችኝ። ምስክር ወረቀትና ብርድ ልብስ። ብርድ ልብስ! ለድሬዳዋ ሰው! ሁለታችንም መፈክሩ መሃል በሳቅ ልንሞት። ቀጥላ ምን አለችኝ? "ጓድ ክፍሉም ጨበጠኝ።"

"የትኛው ክፍሉ?"

"የኛው ነዋ፣ የኮሌጁ አስተባባሪ። እንግዳ ሆኖ ተጠርቶ። 'ተማሪያችን ናት' ብሎ ለሁሉም ነገረ፣ ወላሂ ኮራሁ..."

ወደሷ ዞርኩ። እሷም ፊቴን አይታ ሳቋን አቆመች።

"የሺ... ትናንት ፈርመሽልኛል?"

ፈርሜያለሁ። በአሥራ ሁለት ሰዓት የሱን እጅ ስትጨብጥ፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት ክፍል ተገኝታ ፈርማለች። ከዓመቱ ቀን ሁሉ በዚያች አንድ ቀን ብቻ መፈረም አልነበረብኝም። እጄ ለምዶበት ሄደ።

"ሀዬ፣ ማን ያየዋል? የወረቀት ክምር ነው" አለች። መፈክር አሰማን።

አሁን ተጋድሜ አንድ ነገር መጣብኝ። ትናንት መምህሩ ሲገባ "ጓድ ክፍሉ ዛሬ ፋብሪካ በዓል ላይ ናቸው" ያለ ይመስለኛል። ሰምቼው ነበር? ወይስ አሁን የፈጠርኩት ነው? እያንቀላፋሁ ነበር... ሰምቼ ፈርሜ ከሆነስ?

ሚያዝያ 27፣ ሰኞ

ፋሲካ አለፈ። ማንም ምንም አላለም።

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ

አየው።

ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ጋ ጠበቀችኝ። ረመዳን ከገባ አራተኛ ቀኑ ነው፣ ከንፈሯ ደርቋል። ትናንት ክፍል እንደገባች ጓድ ክፍሉ አስጠራት። ጠረጴዛው ላይ የሚያዝያ አቴንዳንስ ተዘርግቷል። ጣቱን ፊርማዋ ላይ አድርጎ "አንቺን በዚህ ሰዓት እኔ ራሴ ጨብጬሻለሁ። ማን ፈረመልሽ?" አላት።

"ምን አልሽው?"

"ምንም።"

"ምንም ማለት?"

"አልናገርም አልኩት። እስከ ግንቦት 25 ስሙን ካላመጣሽ የፈተና ካርድ የለሽም አለኝ። እሺ አልኩ።"

እንዲህ ብላ ነገረችኝ፣ የሰርቪስ ሰዓት እንደምትነግረኝ። ከዚያ የትናንቱን ቅጂ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ። ካርቦኑ አልቆበት ፊደሉ የደበዘዘ። አስጠርቷት ወጥታ፣ ተመልሳ ገብታ ጽፋልኛለች።

"ሰዓት ደረሰ፣ ግቢ" አለችኝ። ገባሁ።

ግንቦት 7፣ ሐሙስ

ነገ እሄዳለሁ። ለጓድ ክፍሉ እነግረዋለሁ። "እኔ ነኝ" ማለት ብቻ ነው።

ግንቦት 8፣ ዓርብ

አልሄድኩም። ከፈረቃ በፊት የፖለቲካ ውይይት ተጠራ፣ ከዚያው ወደ ማሽን ገባን። ...ውይይቱ ባይኖርም አልሄድም ነበር።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

ክፍት የሥራ ቦታ ወጣ። ረዳት መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ በቢሮ አስተዳደር ዲፕሎማ ያላት ወይም ዘንድሮ የምትጨርስ፣ ቅድሚያ ለፋብሪካው ሠራተኛ። ብዛት፣ አንድ።

ከፋብሪካው ሠራተኛ ዘንድሮ የምንጨርሰው እኔና ፋርቱን ብቻ ነን።

ትናንት ፈረቃ ስገባ ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እሷ ከተፈተነች ሁለት ነን፣ ኮከቧም እሷ ናት፣ ትወስደዋለች። ካልተፈተነች ግን... ይህን ያሰብኩት እኔ ነኝ? አዎ እኔ ነኝ። ከማስታወቂያው ፊት ሳልነሳ ነው ያሰብኩት። ራሴን ጠላሁ፣ ግን ሐሳቡ አልሄደም። ማሽኑ ላይ ሌሊቱን ሙሉ አብሮኝ አደረ።

ዛሬ ማታ ክፍል ብቻዬን ነበርኩ፣ እሷ የከሰዓት ናት። አቴንዳንሱ ሲደርሰኝ ለራሴ ብቻ ፈረምኩ። በሦስት ዓመት የመጀመሪያዬ። ከስሟ ፊት ያለው ባዶ ቦታ ላይ ዓይኔን መጣል አቃተኝ።

ግንቦት 18፣ ሰኞ

ሁለታችንም ክፍል ገባን። አዛን ሲሰማ መምህሩ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ይጽፍ ነበር። ፋርቱን ከጉርሻ ያነሰ ተምር ከመሀረቧ ፈትታ አፏ አስገባች፣ ሁለተኛውን ለኔ። ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት፣ በሹክሹክታ።

"ፋርቱን፣ ስሜን ስጪው።"

"አልሰጥም።"

"ለኔ ብለሽ ፈተናሽን አታጪ..."

"ላንቺ ነው ማን አለሽ?"

ዞራ አየችኝ። ቁጣ አልነበረባትም። ቀስ ብላ ነገረችኝ። ሰባ ዓመተ ምሕረት ላይ ወንድሟን ኢስሃቅን ከቤት ወሰዱት። ስሙን የሰጠ ጎረቤት ነበር፣ አንድ ግቢ የሚኖር። እናቷ እስከ ዛሬ ያን ሰውዬ በጠዋት ሰላም ትለዋለች፣ የት ትሂድ? "እኔ ስም አልሰጥም። ያንቺም ቢሆን፣ የሌባም ቢሆን። ስም ከአፌ አይወጣም፣ አለቀ።"

ከዚያ ወደ ሰሌዳው ዞራ መጻፏን ቀጠለች።

ይህን መጻፍ አልነበረብኝም። ገጹን ልቅደደው? ...ይቆይ።

ለኔ ብላ መስሎኝ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ለኔ ብላ የምትጎዳ አድርጌ ቆጥሬ፣ እያመሰገንኳት፣ እያለቀስኩ! ለካ እኔ እዚያ ውስጥ የለሁም። እሷ ዝም ያለችበት ነገር አላት። እኔ ዝም ያልኩበት ምን አለኝ? መስኮት ያለው ቢሮ።

ግንቦት 21፣ ሐሙስ

ለእማዬ ነገርኳት። ድስት እያጠበች ሰማችኝ።

"አባትሽ ባቡር ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ፍሬን ሲይዝ ኖረ። አንድ ቀን እንኳ እኔ ነኝ ያጠፋሁ ብሎ አያውቅም። ብሎ ቢሆን ጡረታ የሚባል አናይም ነበር።"

"ታዲያ ዝም ልበል?"

"እኔ ዝም በይ አልኩሽ? ያባትሽን ነገርኩሽ።" ድስቱን ደፋችው። "ሌሊት ሌሊት ያወራ ነበር፣ አባትሽ። ምን ብሎ እንደሚቃዥ እኔ ነኝ የማውቀው።"



ግንቦት 25፣ ሰኞ

ሄድኩ።

የከሰዓት ፈረቃ ስለሆንኩ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከዚራ፣ ኮሌጁ ደረስኩ። በጋሪ ነው የሄድኩት፣ በእግሬ ብሄድ መንገድ ላይ ሐሳቤን እቀይራለሁ ብዬ። ባለጋሪው ሲጣደፍ ደግሞ ቀስ በል አልኩት።

ጓድ ክፍሉ ኮቱን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ በሸሚዝ ተቀምጧል። ዓይኑ ሥር አብጧል፣ እሱም ከዚህ ሌላ ሥራ አለው ይላሉ። ቁጭ በይ አላለኝም።

"ለፋርቱን የፈረምኩት እኔ ነኝ።"

"ሙሉ ስም?"

"የሺአረግ ገብረወልድ።"

ከመሳቢያው አንድ ቅጽ አወጣ። ሌላው ሁሉ ተሞልቷል፣ አንድ መስመር ብቻ ባዶ ነበር። ስሜን ጻፈበት። ይህን ያህል ቀን እንቅልፍ ያጣሁበት መስመር ከእስክሪብቶ ካፕ አይረዝምም።

"ደንቡን ታውቂዋለሽ" አለ። "ለሌላ የፈረመ ዓመቱን ይደግማል። ያልተገኘችው ቀሪ ይባልባታል እንጂ ትፈተናለች።"

"እሺ... የሌሎቹ ቀኖችስ?" ምን ነካኝ? ማን ጠየቀኝ?

መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። "ጓድ የሺአረግ፣ እኔ ያየሁት አንድ ቀን ነው። ሌላውን ልቁጠር ብል ማንም ተማሪ አይቀረኝም። ሂጂ።"

ስወጣ የግቢው ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። ቀለለኝ ብዬ እንድጽፍ እፈልጋለሁ። አልቀለለኝም። አንድ ዓመት! ሌላ አንድ ዓመት ያ ብናኝ፣ ያ አግዳሚ። ስምንት ሰዓት ላይ ፋብሪካ ገብቼ የተበጠሰ ክር መቀጠሌን ያዝኩ።

ሰኔ 2፣ ሰኞ

ትናንት ለኢድ እቤቷ ሄድኩ። በር ላይ ነው ያቆመችኝ። ካርዷን አግኝታለች።

"ማን ለመነሽ?" አለችኝ። እንዲህ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። "ሦስት ሳምንት ጥርሴን ነክሼ የያዝኩትን ሄደሽ ሰጠሽው! በረመዳን፣ በጥማቴ!"

"የሰጠሁት የራሴን ስም ነው ፋርቱን።"

"ስም ስም ነው!"

ከውስጥ እናቷ ማን ነው እያሉ በሶማሊኛ ጠየቁ። "ማንም" አለች መሰለኝ። ሐልዋውን ግን በሰሃን አውጥታ እጄ ላይ አኖረችልኝ። በሩን ዘጋች።

ሰሃኑን እንዴት እንደምመልስ አላውቅም።

ሰኔ 9፣ ሰኞ

ፈተና ዛሬ ተጀመረ። የጠዋት ፈረቃ ነበርኩ። አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን ቤት ቁጭ ብዬ ሰዓቱን አየሁ። እንቅልፍ የምተኛበት ጊዜ አገኘሁ፣ እንቅልፉ ግን አልመጣም።

ነሐሴ 15

ፋርቱን መዝገብ ቤት ገባች። በሰርቪሱ አንገናኝም፣ የቢሮ ሰዓት ሌላ ነው። ከግቢው ማዶ መስኮቱ ይታየኛል። አንድ ቀን ቀና አለች፣ እኔም ቀና አልኩ። ሰላም አልተባባልንም።

ቅናት? አዎ፣ ትንሽ። ያኛው ሐሳብ ግን ሄዷል። መቼ እንደሄደ አላወቅሁም።

ጥቅምት 3 ቀን 1979፣ ሰኞ

ተመዘገብኩ። ያው ክፍል፣ ያው አግዳሚ። ያው መምህር ፋይል አያያዝን "ሀ" ብሎ ጀመረ፣ የሚቀልደውን ቀልድ ቀድሜ አውቀዋለሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ከፖስታ ቤት ናት። አቴንዳንሱ ሲዞር "ስቀር ትፈርሚልኛለሽ?" አለችኝ።

"አልፈርምም።" አኮረፈች። ምን ልበላት፣ ታሪኩ ረጅም ነው።

ቅጂ የሚጽፍልኝ የለም። የከሰዓቱ ሳምንት ሲመጣ ዝም ብዬ እቀራለሁ። ከማን ልለምን?

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

የከሰዓት ሳምንት። አምስት ቀን ቀሪ። ስገባ የበሩ ዘበኛ ጋሽ ኑርቶ አስቆሙኝ። "ነይ እስቲ፣ የመዝገብ ቤቷ ልጅ ይሄን ስጣት አለችኝ።" የፋብሪካው ትልቅ ቡናማ ፖስታ ነው። ከሥራ የተባረርኩ መሰለኝ። 

እስከ ሻይ ሰዓት አልከፈትኩትም። ከፈትኩት።

የትምህርት ማስታወሻ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ አሥራ አንድ ገጽ፣ በፋርቱን እጅ። ዲፕሎማዋን ይዛ፣ የቢሮ ሥራዋን ጨርሳ፣ አራት ማታ ሙሉ እዚያ አግዳሚ ላይ ሄዳ ተቀምጣ ጻፈች። የተማረችውን! የዓምናውን ደብተሯን መስጠት ትችል ነበር... አልሰጠችም፣ ሄዳ ጻፈች።

ካርቦን አይደለም። ዋናው ነው፣ በሰማያዊ ብዕር፣ አንድ ቅጂ። ብዕሩ የተጫነበት በጣቴ ይታወቀኛል።

በየቀኑ ራስጌ ላይ ቀኑን ጽፋ፣ ከሥሩ አስምራበታለች፦

ሰኞ። አልፈረምኩልሽም።
ማክሰኞ። አልፈረምኩልሽም።
ረቡዕ። አልፈረምኩልሽም።
ሐሙስ። አልፈረምኩልሽም።

ሳቅሁ። ከጎኔ ያለችው ሴትዮ ሻይዋን ይዛ ታየኛለች። በመጨረሻው ገጽ ግርጌ ደግሞ፦ "የፈረቃሽን ሳምንት እስከ ሰኔ ቆጠርኩት። ከሱ ሌላ መቅረት የምትችዪው አራት ቀን ብቻ ነው። እንዳትታመሚ። ሰሃናችንንም መልሺ።"

ደወሉ ተደወለ። ፖስታውን ደረቴ ውስጥ ከተትኩት። ማሽኑ ጋ ስደርስ ሻሼን ከራሴ ፈትቼ አፍና አፍንጫዬ ላይ አሰርኩት፣ ልክ እንደሷ፣ እስከ ዓይኔ ድረስ። ይሞቃል። እስክወጣ አልፈታሁትም።